የሕክምና ምስል በኤአይ መፍጠር፦ ጋን ይሻላል፣ ዲፊውዥን፣ ወይስ ጭራሽ አለመፍጠር?

አሁን አሁን ብዙ የባዮሜዲካልና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታቸውን በዚህ ጉዳይ ላይ እየሠሩ ነው፣ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፤ "ጋን ልጠቀም ወይስ ዲፊውዥን?" (ሁለቱም ኤአይ አዲስ ምስል የሚፈጥርባቸው ዘዴዎች ናቸው፣ አሠራራቸውን ከታች እናያለን።) እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ግን የሚፈጠረው ምስል ምን ሊሠራ ነው የሚለውን ነው። ምክንያቱም ሰው ራጅ ወይም ሲቲ በኤአይ የሚፈጥርበት ምክንያት ይለያያል፤ አንዱ ዳታ ስላነሰው ነው፣ አንዱ የታካሚ ምስል ለሌላ ተቋም መስጠት ስለማይችል በምትኩ ሰው ሠራሽ ምስል ሊሰጥ ፈልጎ ነው፣ ሌላው ኤምአርአይ አለው ግን ሲቲ ያስፈልገዋል፣ ሌላው ደግሞ ለማስተማሪያ ነው። ለነዚህ ሁሉ የሚሆን አንድ ምርጥ ሞዴል የለም። ስለዚህ ሥራችሁ የቱ እንደሆነ ለይታችሁ ያዙና አብረን እንይ።

መጀመሪያ፦ ባትፈጥሩስ?

ይሄን አማራጭ ማንም አይቆጥረውም፣ ግን ዳታ ስላነሰኝ ነው ለሚል ሰው በኔ እምነት አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው ምርጫ ይሄ ነው። ሌሎች በብዙ ሺህ ራጅ ያሠለጠኑትን ሞዴል ወስዶ በራስ ዳታ ፋይን ቲዩን ማድረግ (ትንሽ ጨምሮ ማሠልጠን)፣ ከዛ ላይ የተለመደውን አውግመንቴሽን መጨመር፣ ማለትም ትንሽ ማዞር፣ ትንሽ ማጉላት፣ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ማድረግ። ለደረት ራጅ ክፍት ዳታ ሞልቷል፤ የስታንፎርዱ ቼክስፐርት 224,316 ምስል አለው፣ ከቦስተን ሆስፒታል የተሰበሰበው ሚሚክ ሲኤክስአር ደግሞ 377,110። በነዚህ የሠለጠነ ሞዴል የእናንተን 500 ምስል ይዞ ሲጀምር ከባዶ ከሚጀምር ጋር አይወዳደርም።

አውግመንቴሽንም ቢሆን በጭፍን አይሠራም። የደረት ራጅን ግራና ቀኙን ብትገለብጡት ልብ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ጨጓራ ውስጥ ያለው አየርም ቦታው ይቀየራል፣ ጥግ ላይ ያለችው የግራ ወይም የቀኝ ምልክት ፊደልም ተገልብጣ ትቀመጣለች። ለድመትና ውሻ ፎቶ ምንም የማይለው ነገር እዚህ የሰውነት አሠራር መቀየር ነው፣ በተለይ ሌብላችሁ (ለምስሉ የተሰጠው መለያ) "በቀኝ ሳንባ" "በግራ ሳንባ" የሚል ከሆነ ዳታውን ራሳችሁ አበላሻችሁት ማለት ነው።

አሁን የቲቢን ነገር ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላንሳ፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ብዙ ሰው የሚመርጠው ርዕስ እሱ ነው፣ በሽታውም የኛው ስለሆነ መመረጡ ትክክል ነው። ሁሉም የሚያወርዳቸው ሁለት ትንንሽ ዳታሴቶች አሉ፤ አንዱ ከአሜሪካ ሞንትጎመሪ ካውንቲ 138 ምስል፣ ሌላው ከቻይና ሼንዘን 662 ምስል። ሁለቱ ሲደመሩ 800 ናቸው፣ ስለዚህ "በጋን 5,000 አደርሳቸዋለሁ" የሚል ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። ቆም ብላችሁ አስቡት ግን። ሞዴሉ የሚያመነጨው ከነዚህ 800 ውስጥ ያየውን ነው። ኤችአይቪ ያለበትና በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ላይ ቲቢ ብዙ ጊዜ በላይኛው ሳንባ ላይ ክፍተት ሆኖ አይታይም፣ ከታች ሊሆን ይችላል፣ ንፍፊት ብቻ አብጦ ሊታይ ይችላል፣ ራጁ ጭራሽ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። እንዲህ ያለ ምስል ዳታው ውስጥ በበቂ ካልነበረ 5,000 ቀርቶ 50,000 ብትፈጥሩም አይመጣም። ሞዴል ያላየውን አይወልድም። እነዚህን ታካሚዎች ማየት የሚችል ነገር ከተፈለገ እነሱ በሚታከሙበት ቦታ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እውነተኛ ምስል መሰብሰብ ነው፣ ከባድ ነው፣ ይዘገያል፣ ግን 200 እንዲህ ያለ ራጅ ከ5,000 የተባዛ ይበልጣል። በነገራችን ላይ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ዕድሜያቸው 15 እና ከዛ በላይ ለሆኑ ሰዎች የቲቢ ልየታ ላይ ራጅ የሚያነብ ሶፍትዌር መጠቀም እንደሚቻል መክሯል፣ ስለዚህ ዓላማችሁ ለጤና ጣቢያ አገልግሎት ከሆነ ያለውን ሶፍትዌር በኛ ታካሚ ላይ መፈተሽ ራሱ ትልቅ ጥናት ነው።

ቪኤኢ

ብዙ አልቆይበትም። በ2013 የመጣ የምስል መፍጠሪያ ዘዴ ነው፣ ምስሉን ወደ ጥቂት ቁጥሮች ይጨምቅና ከዛ መልሶ ይሠራዋል። ማሠልጠኑ ቀላል ነው፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ግን ምስሉ ደብዛዛ ይወጣል፣ በራጅ ላይ ደግሞ ትንሿ ነጥብ ናት በሽታው። ለብቻው አትምረጡት። ዋጋው ከታች የምናየው ዲፊውዥን ውስጥ እንደ መጭመቂያ ሲገባ ነው።

ጋን

በ2014 እነ ኢያን ጉድፌሎ ያመጡት ነው። ሁለት ኔትወርክ አብረው ይሠለጥናሉ፣ አንዱ ይሠራል አንዱ እውነት ነው ውሸት ነው እያለ ይለያል፣ በዚህ ፉክክር ሠሪው እየተሻለ ይሄዳል። ሲሠራ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ፍጥነቱ ደግሞ ሌላ ነው፣ አንዴ ካለፈ ምስሉ ወጣ፣ ደካማ ኮምፒውተር ላይ እንኳን ሺህ ምስል በአጭር ጊዜ ታወጣላችሁ።

ጋን የት ላይ ነው የሚያምረው? ጠባብ ሥራ ላይ። በ2018 የወጣ ጥሩ ምሳሌ አለ፣ እስራኤል ውስጥ የተሠራ፣ የጉበት ሲቲ ላይ። የነበራቸው 182 የጉበት ቁስለት ብቻ ነበር፣ ሦስት ዓይነት፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ ከሌላ ቦታ የተዛመተ ካንሰርና ሄማንጂዮማ (ካንሰር ያልሆነ የደም ሥር እብጠት)። ሙሉ ሆድ ሊሠሩ አልሞከሩም፣ ቁስለቷን ብቻ ቆርጠው በዛች ትንሽ ካሬ ላይ ነው ጋን ያሠለጠኑት። በተለመደው አውግመንቴሽን 78.6 በመቶ የነበረው ሴንሲቲቪቲ (ያለውን በትክክል ማግኘቱ) 85.7 ደረሰ፣ ስፔሲፊሲቲው (የሌለውን በትክክል የለም ማለቱ) ደግሞ ከ88.4 ወደ 92.4። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ያነጻጸሩት ከባዶ ጋር አይደለም፣ ከአውግመንቴሽን ጋር ነው፣ እናንተም እንደዛ ማነጻጸር አለባችሁ። ብዙ ጥናት ላይ "በሰው ሠራሽ ምስል ተሻሻለ" ይባልና መነሻው ሲታይ ምንም አውግመንቴሽን ያልተደረገበት ሞዴል ሆኖ ይገኛል፣ ያ ንጽጽር አይባልም።

የጋን ችግር ማሠልጠኑ ነው። ሁለቱ ኔትወርክ ካልተመጣጠኑ ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ከዛ የሚብሰው ደግሞ ሠሪው አንድ የሚያዋጣ ምስል ካገኘ እሱኑ ትንሽ ትንሽ እየቀያየረ ማውጣት መጀመሩ ነው። 64 ምስል ባንድ ገጽ ደርድራችሁ ስታዩት ያምራል፣ ጠጋ ብላችሁ የጎድን አጥንቶቹንና የልቡን ጠርዝ ስታወዳድሩ ግን ከ64ቱ ውስጥ አምስት ስድስት "ሰው" ብቻ ነው ያለው፣ ሌላው ቅጂ ነው። ብርቅ የሆነው በሽታ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው፣ እኛ ደግሞ ምስል መፍጠር የፈለግነው ለብርቁ በሽታ ነበር።

ዲፊውዥን

ዛሬ ከዜሮ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ይሄን ነው፣ እኔም ካስገደዳችሁኝ እሱን እላለሁ። በ2020 በወጣው ሥራ ነው ሰው በሰፊው የያዘው። ምስሉ ላይ ቀስ በቀስ ኖይዝ (ትርጉም የሌለው ነጠብጣብ) ይጨመርና ሞዴሉ ኖይዙን መቀነስ ይማራል፣ ከዛ ከንጹህ ኖይዝ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ምስል ያወጣል። የመጀመሪያው አሠራር 1,000 እርምጃ ነበረው፣ ኋላ የመጡት ዘዴዎች ወደ 50 እና ከዛ በታች አውርደውታል፣ ያም ሆኖ ከጋን ይዘገያል። ማሠልጠኑ ግን የተረጋጋ ነው፣ የሚያወጣው ምስልም ዓይነቱ ይበዛል፣ ያ መደጋገም የሚባለው ችግር በብዙ ይቀንሳል።

ሌላው ጥቅሙ በጽሑፍ መታዘዙ ነው። በ2022 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ስቴብል ዲፊውዥን የሚባለውን ከጽሑፍ ምስል የሚሠራ ሞዴል በሚሚክ ሲኤክስአር ራጅና ሪፖርት ፋይን ቲዩን አድርገው ሮንትጀን የሚባል ሞዴል አወጡ። "በቀኝ በኩል ትልቅ የሳንባ ሽፋን ፈሳሽ" ብለህ ስትጽፍለት ፈሳሹን በቀኝ ያደርገዋል፣ "በግራ ትንሽ" ስትለው ወደ ግራ ያመጣና ያሳንሰዋል። ለማስተማሪያ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ አንድ አስተማሪ አንድ ሰውነት ላይ ፈሳሹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲሄድ ማሳየት ይችላል። ግን የሚያሳየውን ሁሉ ራዲዮሎጂስት ሳያየው ተማሪ ፊት አይቅረብ።

ኤምአርአይ ላይ ደግሞ የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ቡድን በ2022 ከዩኬ ባዮባንክ (የብሪታንያ ትልቅ የጤና መረጃ ቋት) በወሰዱት 31,740 የአንጎል ምስል ሞዴል አሠልጥነው 100,000 ሰው ሠራሽ አንጎል ለቀዋል፣ ዕድሜና ጾታ፣ የአንጎሉ መጠንም እየተቀየረ የሚወጣ። ልብ በሉ፣ 31 ሺህ ነው ያሠለጠኑበት። ከ200 ኤምአርአይ ተነስቶ ተመሳሳይ ነገር መጠበቅ ራስን መጉዳት ነው።

ሲቲና ኤምአርአይ ሦስት አውታር (3ዲ) መሆናቸው ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። አንድ 512 በ512 ራጅ ወደ 262 ሺህ ፒክስል ነው፣ 300 ቁራጭ ያለው ሲቲ ግን ከ78 ሚሊዮን በላይ። በኮላብ (የጉግል የኦንላይን አገልግሎት) ነጻ ጂፒዩ (ሞዴል የሚሠለጥንበት ማቀናበሪያ) እሱን በቀጥታ ማሠልጠን አይታሰብም፣ ለዚህ ነው ቪኤኢ መጀመሪያ ጨምቆ ዲፊውዥኑ በተጨመቀው ላይ የሚሠራው። ብዙ ሰው ይሄን ለመሸሽ ቁራጭ በቁራጭ ይፈጥርና ይደረድራል፣ ከፊት ሲታይ ያምራል፣ ግን ጎኑን አዙራችሁ ስታዩት አከርካሪው እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል ምክንያቱም አንዱ ቁራጭ የሌላውን አያውቅም። ሥራችሁ ሦስት አውታር ከሆነ ሞናይ የሚባለውን ነጻ ላይብረሪ ተመልከቱ፣ ለዚህ የተሠሩ ክፍሎች አሉት፣ ከባዶ አትጻፉት።

ትልቁ ስጋት ማስታወሱ ነው። ዲፊውዥን ያየውን ምስል ራሱን መልሶ ሊያወጣ ይችላል፣ በ2023 የወጣ ጥናት ከነዚህ ሞዴሎች የሥልጠና ፎቶዎችን መልሶ ማውጣት እንደሚቻል አሳይቷል፣ ከጋን ይልቅ ዲፊውዥን እንደሚያፈስም ጭምር። ዳታ ሲያንስና ሥልጠና ሲረዝም ይብሳል። ስለዚህ "ሰው ሠራሽ ስለሆነ የታካሚ ምስጢር የለበትም" ብሎ ማጋራት አይቻልም፣ እያንዳንዱን የተፈጠረ ምስል ከሥልጠና ዳታው በጣም ከሚቀርበው ጋር አወዳድራችሁ ቅጂ የሆነውን ጣሉ። የኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ የሚያዝ አድርጎ ነው የሚያየው፣ ከሆስፒታል ስትዋዋሉ ይሄን ከመጀመሪያው አንሡት።

ከአንዱ ስካን ወደ ሌላው መቀየር

ይሄ ራሱን የቻለ ምርጫ ነው፣ እውነት ለመናገር በክሊኒክ ደረጃ የበሰለውም እዚህ ነው። የጨረር ሕክምና ላይ ዕጢው በኤምአርአይ በደንብ ይታያል፣ የጨረሩን መጠን ለማስላት ግን የሲቲ ቁጥር ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ከኤምአርአይ ሲቲ መሥራት ታካሚውን ከሁለተኛ ስካን ያድነዋል። አስቸጋሪው ምኑ መሰላችሁ፣ በተለመደው ኤምአርአይ አጥንትም አየርም ጥቁር ነው የሚታዩት፣ በሲቲ ደግሞ ሁለቱ የሚለኩበት ጫፍና ጫፍ ነው፣ አየር ከዜሮ በታች 1,000፣ ጠንካራ አጥንት ከዜሮ በላይ ወደ 1,000 እና ከዛ ያልፋል። ሞዴሉ ሳይነስ (የፊት አጥንት ውስጥ ያለ የአየር ክፍተት) አካባቢ ከተሳሳተ የጨረር ስሌቱ አብሮ ይሳሳታል።

እዚህ ያለው ምርጫ ጥንድ ዳታ አላችሁ ወይ የሚለው ነው። የአንድ ሰው ኤምአርአይና ሲቲ በደንብ ገጥሞ ካለ ፒክስ ቱ ፒክስ ወይም ቀለል ያለ ዩኔት ተጠቀሙ፣ ሁለቱም አንዱን ምስል ወደ ሌላው መቀየር ከጥንድ የሚማሩ ሞዴሎች ናቸው። ጥንድ ከሌለ ሰው ሁሉ ያለ ጥንድ መቀየር ወደሚማረው ሳይክል ጋን ይሄዳል፣ እኔ ግን ለምርመራ ለሚውል ነገር አልመክርም። ምክንያቱን በ2018 የሞንትሪያል ተመራማሪዎች በግልጽ አሳይተውታል፤ ሳይክል ጋንን ዒላማው ዳታ ውስጥ ዕጢ ያለባቸው አንጎሎች ብቻ አድርገው ሲያሠለጥኑት ጤነኛው አንጎል ላይ ዕጢ ጨመረ፣ ጤነኞች ብቻ ሲያደርጉት ደግሞ የነበረውን ዕጢ አጠፋው። ሞዴሉ የተነገረውን ነው የሠራው፣ "እነዚያን ምሰል" ነው የተባለው። የታካሚ ዕጢ የሚያጠፋ ነገር ምስሉ ምንም ያህል ቢያምር መታሰብ የለበትም።

የጎደለ ስካን መሙላትም እንዲሁ ነው። የአንጎል ዕጢ ውድድሩ ብራትስ ላይ አራት ዓይነት ኤምአርአይ ይቀርባል፣ አንዱ ምስሉን የሚያደምቅ መድኃኒት (ኮንትራስት) በመርፌ ተሰጥቶ የሚነሣ ነው። ከሦስቱ አራተኛውን መገመት ለሶፍትዌር ግብዓት ይጠቅማል፣ የዕጢውን ወሰን የሚያሰምረው ፕሮግራም አራቱንም ስለሚጠብቅ። ለሐኪም "የመድኃኒቱ ምስል ይኸው" ብሎ መስጠት ግን ሌላ ነው፣ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚያሳየውን ነገር ያልገባበት ምስል ሙሉ በሙሉ ሊያውቀው አይችልም።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት አጠቃላይ ምስል ሠሪዎችስ?

"የሳንባ ምች ያለበት ራጅ ሥራልኝ" የሚባሉት ማለቴ ነው። ለፖስተር ካልሆነ ለምንም አይሁን። ከሩቅ ራጅ ይመስላል፣ ጠጋ ስትሉ የጎድን አጥንቶቹ ይቆጠሩና በግራና በቀኝ አይገጥሙም፣ ክላቪክሉ (ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት) መሀል መንገድ ላይ ያልቃል። እንዲህ ያለ ምስል ለጤና ባለሙያ ሥልጠና ሲውል ማየት ያሳዝነኛል፣ ዓይኑን እያሠለጠነ ያለ ተማሪ የተሳሳተ ሰውነት ይለምዳል። እውነተኛና በነጻ የተለቀቀ ምስል እያለ ይሄ አያስፈልግም።

የመረጣችሁትን እንዴት ትፈትሹታላችሁ

ሁሉም ጽሑፍ ላይ ኤፍአይዲ የሚባል፣ የተፈጠሩት ምስሎች ለእውነተኞቹ ምን ያህል እንደሚቀርቡ የሚለካ ቁጥር አለ፣ ዝቅ ሲል ጥሩ ነው ይባላል። ቁጥሩ የሚሰላው በዕለት ተዕለት ፎቶ በሠለጠነ ኔትወርክ ነው፣ ውሻና ወንበር እንጂ ሳንባ አይቶ አያውቅም። ሁለት ሞዴል ለማወዳደር ፍንጭ ይሰጣል፣ ከዛ በላይ አትመኑት። የኔ ፈተና ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሁለት ራዲዮሎጂስት እውነተኛና የተፈጠረ ምስል ተቀላቅሎ ሳይነገራቸው ይዩ፣ እውነት ነው ውሸት ነው ከማለት በላይ ምን በሽታ እንደሚያዩበት ይጻፉ፣ የጻፉት ሞዴሉ ከታዘዘው ጋር ይወዳደር። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ፈተና ሁሌ እውነተኛ ምስል ላይ ይሁን፣ ያም ምስል ጄነሬተሩ (ምስል ፈጣሪው ሞዴል) ጭራሽ ያላየው ታካሚ መሆን አለበት። ብዙ ጥሩ የሚመስል ውጤት የሚፈርሰው እዚህ ነው፤ ሰው ዳታውን በምስል ይከፍለዋል እንጂ በታካሚ አይከፍለውም፣ የአንድ ሰው ሁለት ራጅ አንዱ ሥልጠና ውስጥ አንዱ ፈተና ውስጥ ይገባል፣ ወይም ጄነሬተሩ በሙሉ ዳታው ከሠለጠነ በኋላ ነው የሚከፈለው። ያኔ ፈተናው ቀድሞ ታይቷል።

በኮቪድ ጊዜ የሆነውን አስታውሱ። በ2021 የታተመ ግምገማ ራጅና ሲቲ ላይ የተሠሩ 62 ጥናቶችን አይቶ ለክሊኒክ የሚሆን አንድም አላገኘም። ከስህተቶቹ አንዱ የጤነኞቹ ወይም የሌላው ምች ምስል የሕፃናት፣ የኮቪዱ ደግሞ የአዋቂ መሆኑ ነበር፣ ስለዚህ ሞዴሉ ዕድሜ ነበር የሚለየው። በእንዲህ ያለ ዳታ ጄነሬተር ብታሠለጥኑ ያንኑ ስህተት በሺህ ያባዛላችኋል።

አንድ የቴክኒክ ነገር፣ ሁሌ የሚረሳ። ሲቲን ከዳይኮም (የሕክምና ምስል ፋይል) ወደ ፒኤንጂ (ተራ የምስል ፋይል) ቀይራችሁ አታሠልጥኑ። ሲቲው 4,096 ደረጃ አለው፣ የተለመደው ፒኤንጂ 256። ሙሉውን ከጨመቃችሁት አንዱ ደረጃ 16 ሃውንስፊልድ (የሲቲ ቁጥር መለኪያ) ይሆናል፣ የአንጎል ግራጫና ነጭ ክፍል ደግሞ ልዩነታቸው ከዚያም ያነሰ ነው። ስትሮክ ሲጀምር የሚታየው ምልክት የዚህ ልዩነት መጥፋት ነው፣ እናንተ ገና ሳትጀምሩ አጥፍታችሁታል። ወይ ቁጥሩን እንዳለ ተጠቀሙ፣ ወይ ለምታዩት ክፍል የሚሆን መስኮት (የሚታዩት ቁጥሮች ክልል) ምረጡ፣ ለአንጎል ስፋቱ 80 አካባቢ፣ ለሳንባ 1,500 አካባቢ።

በየሁኔታው እኔ የምመርጠው ይሄ ነው። ከጥቂት መቶ በታች ምስል ካላችሁ ፕሪትሬይንድ (ቀድሞ የሠለጠነ) ሞዴልና አውግመንቴሽን፣ በቃ። ጥቂት መቶና ጠባብ ቁስለት ከሆነ፣ ቁስለቷን ቆርጣችሁ ጋን ሞክሩ። ሺዎች ራጅ ከሪፖርት ጋር ካላችሁና የተሻለ ጂፒዩ ካገኛችሁ ዲፊውዥን ፋይን ቲዩን አድርጉ። ጥንድ ስካን ካላችሁ ዩኔት ወይም ፒክስ ቱ ፒክስ። ለማጋራት ከሆነ ደግሞ ዲፊውዥንም ጋንም ከቅጂ ማጣሪያ ጋር እንጂ ለብቻው አይሆንም።

የተፈጠረውን ምስል የት እንደምታስቀምጡም አስቡበት። በ2019 የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጋን የሳንባ ካንሰር ሲቲ ላይ ጨምረውና አጥፍተው ለሦስት ራዲዮሎጂስቶች ሲያሳዩ፣ የተጨመረውን 99 በመቶ ካንሰር ነው ብለዋል፣ የጠፋበትን 94 በመቶ ጤነኛ። እንግዲህ ባለሙያ በዓይኑ የማይለየው ነገር ነው እጃችሁ ላይ ያለው። ፋይሉ ስም ላይ፣ ዳይኮም መግለጫው ውስጥም፣ ምስሉ ጥግ ላይም ሰው ሠራሽ መሆኑ ይጻፍ፣ ከሆስፒታሉ ሰርቨር ጋር ባልተገናኘ ዲስክ ይቀመጥ፣ ጥናቱ ሲያልቅም ማን እንደሚይዘውና መቼ እንደሚጠፋ ገና ፈቃድ ስትጠይቁ ወረቀቱ ላይ አስገቡት።